አረጋውያን ወላጆቻችንን ከስልክ አጭበርባሪዎች ስለመጠበቅ

(በመረዳጃ ዕድራችን ወርኃዊ ስብሰባ ላይ በዕድሩ ጸሐፊ የተደረገ ንግግር)

የተከበራችሁ የዕድራችን አባላት፣ እናቶችና አባቶች፣ ወንድሞችና እኅቶች፤

የዛሬው ስብሰባችን የመዋጮና የዕቃ ቆጠራ ጉዳይ እንዳለበት አውቃለሁ። ድንኳኑም፣ አግዳሚ ወንበሩም፣ ብረት ድስቱም ይቆጠራል። ከዚያ በፊት ግን ሊቀ መንበሩን አስፈቅጄ አንድ ጉዳይ ላቀርብ ተነሥቻለሁ። ይኸውም በየቤታችን ባሉት አዛውንቶች ላይ በስልክ አማካይነት እየተፈጸመ ስላለው የማጭበርበር ሥራ ነው።

እኔ እንደምታውቁኝ ልብስ ሰፊ ነኝ። ትምህርቴም ከ6ኛ ክፍል አላለፈም። ስለዚህ ስለ ስልክና ስለ ኮምፒዩተር ሊቅ ነኝ ብዬ አይደለም የተነሣሁት። ነገሩ በቤቴ ስለደረሰ፣ ከደረሰም በኋላ የየመሥሪያ ቤቱን ደጅ ስጠና ያወቅሁት ስላለ፣ ሌላው ጎረቤቴ እኔ በከፈልሁት ዋጋ ተምሮ እንዲጠነቀቅ ብዬ ነው። የማወራው የገዛ ቤቴን ገመና ነው። እናቴን አስፈቅጄ ነው የማወራው። እርሷም «ንገራቸው፤ እኔ ያፈርሁት ይበቃል» ብላኛለች።

ነገሩ የሆነው በኅዳር ወር 2017 ዓ.ም. ነው። እናቴ ያን ጊዜ 74 ዓመቷ ነበር። ሁለቱንም ዓይኖቿን ሞራ ስለያዛት ሰው የምትለየው በድምፁ ነበር። ዱባይ የምትሠራው እኅቴ ለዓይን ማስገፈፊያ ብላ ከደመወዟ ትንሽ ትንሽ እየላከች 23,600 ብር ተጠራቅሞ ነበር። ገንዘቡም በእናቴ ስም በስልኳ በተከፈተው ሂሳብ ውስጥ ነበር የተቀመጠው።

አንድ ቅዳሜ ጧት እኔ ወደ ሱቄ ሄጄ፣ ባለቤቴም ገበያ ወጥታ፣ እናቴና የ9 ዓመቱ ልጄ ብቻቸውን ቤት ሳሉ ስልክ ተደወለ። የደወለው ሰው ድምፁ ጨዋ ነው። «እማማ፣ እንደምን አደሩ? የምደውለው ከቴሌ ነው» አለና ሙሉ ስሟን ከነአባቷ ጠራ። «የስልክዎ ምዝገባ ስላልታደሰ ዛሬ 6 ሰዓት ላይ ይዘጋል፤ እንዳይጉላሉ ብዬ ነው። አሁን አንድ ቁጥር ይመጣልዎታል፤ እሱን ያንብቡልኝ» አላት። እናቴም የምታስበው አንድ ነገር ብቻ ነው። ስልኩ ከተዘጋ ልጄ ከዱባይ ብትደውል አታገኘኝም ብላ ደነገጠች። ቁጥሩ መጣ። እርሷ አይታያትም። ልጄን ጠርታ «አንብብልኝ» አለችው። ልጅ ነው፣ ማንበብ መቻሉን ለማሳየት ጮክ ብሎ አነበበ። መልእክቱ ራሱ «ይህን ቁጥር ለማንም አይስጡ» ይል ነበር። እሱን ግን የጠየቀውም የለ፣ ያነበበውም የለ። ቀጥሎ ሰውዬው «የእርስዎ መሆኑን ለማረጋገጥ የምሥጢር ቁጥርዎን ይንገሩኝ» አላት። ነገረችው። «በሉ እማማ፣ እስከ ማታ ስልኩን አጥፍተው ያቆዩት፤ ለማንም እንዳይነግሩ፣ ሥራው ይበላሻል» ብሎ መርቆ ዘጋ። ገንዘቡ በሁለት ጊዜ ተልኮ አለቀ።

እስከዚህ ድረስ ያለው ታሪክ ምናልባት በብዙ ቤት የተፈጸመ ነው። ከዚህ በኋላ ያለው ግን የእኔ ጥፋት ነው፤ ዛሬ ያስነሣኝም እሱ ነው። እናቴ ማታውኑ ነገሩን ጠርጥራለች። በማግሥቱ ደግሞ አውቃለች። ነገር ግን ለ11 ቀን አልነገረችኝም። እህል በቅጡ አልበላ አላት፣ እኛም የጨጓራ ሕመም ነው ብለን ተልባ ስናጠጣት ሰነበትን። በ11ኛው ቀን እኅቴ ደውላ «የዓይኑ ቀጠሮ መቼ ነው?» ስትል ነው እናቴ ያለቀሰችው።

ለምን አልነገረችኝም? ምክንያቱን ከእርሷ አፍ ነው የሰማሁት። ከዚያ በፊት በ2016 ዓ.ም. በፋሲካ ሰሞን ሌላ ሰው ደውሎ የ300 ብር የሞባይል ካርድ አስገዝቶ ቁጥሩን አስነብቦ በልቶባት ነበር። ያን ጊዜ እኔ እንግዳ በተቀመጠበት ተቆጣኋት። «እርጅና አእምሮሽን ወሰደው እንዴ? ሕፃን እንኳ የማይታለልበት!» አልኋት። እኔ የተናገርሁትን በዚያው ረሳሁት። እርሷ ግን አልረሳችም። 23,600 ብሩ ሲጠፋ የፈራችው ሌባውን ሳይሆን እኔን ነው።

ኋላ በሄድሁበት ሁሉ የተጠየቅሁት አንድ ጥያቄ ነው። «መቼ ነው የሆነው?» ይሉኛል። 11 ቀን ሆኖታል ስላቸው ፊታቸው ይለወጣል። ገንዘቡ ከተላከበት ወደ ሌላ ተላልፎ፣ ከዚያም በጥሬው ወጥቶ ነበር። በዕለቱ ተነግሮ ቢሆን ሂሳቡን ለማሳገድ ይሞከር እንደነበር ነግረውኛል። መገኘቱን ማንም እርግጠኛ ሆኖ ሊናገር አይችልም፤ ይሁን እንጂ መሞከሪያው ጊዜ አልፎ ነበር። ገንዘቡን የወሰደው ሌባው ነው። 11 ቀኑን የወሰድሁት ግን እኔ ነኝ።

ጥፋቴ በዚህም አላበቃም። እንግዲህ ልጠብቃት ብዬ ስልኩን ከእጇ ወስጄ ቆለፍሁበት። ሁለት ሳምንት ሙሉ እናቴ ከልጇ ጋር ሳትነጋገር፣ የሰበካ ወዳጆቿም ሲደውሉ ሳያገኟት ቀረች። አንድ ማታ «ስልኬን የወሰድህብኝ አንተ ሌባው ነህ ወይስ ልጄ?» ብላ ጠየቀችኝ። መልስ አልነበረኝም፤ ስልኩን መለስሁላት።

ስለዚህ ዛሬ ለማለት የፈለግሁት በአጭሩ ይህ ነው። የስልክ ሌባ ሁለት መሣሪያ አለው፤ አንደኛው ማጣደፍ ነው፣ ሁለተኛው ምሥጢር ማስጠበቅ ነው። እኛ ልጆች ወላጆቻችንን ስንቆጣና ስናሳፍር ሁለተኛውን መሣሪያ ለሌባው ስለን እንሰጠዋለን። ወላጅ ሳይፈራ የሚናገርበት ቤት ሌባ ቢገባ እንኳን ቶሎ ይያዛል።

ለምን ይታለላሉ?

አንዳንድ ሰው «ገንዘብ ስለሚወዱ ነው» ይላል። ይህ ትክክል አይደለም። የእኛ ወላጆች ያደጉት ለመንግሥት መሥሪያ ቤት ሰው ብድግ ብለው፣ ለሚያናግራቸው ሰው በትሕትና መልስ ሰጥተው ነው። ሰው እየተናገረ ስልክ ጆሮው ላይ መዝጋት ለእነርሱ ነውር ነው። አጭበርባሪው የሚበላው ይህንኑ ጨዋነታቸውን ነው።

ሌላው ደግሞ ነገሩ ሁሉ በአጭር ጊዜ መለወጡ ነው። ሞባይል ስልክ ወደ አገራችን የገባው በ1991 ዓ.ም. ነው። ያን ጊዜ ስልክ መነጋገሪያ ብቻ ነበር። ቴሌብር ሥራ የጀመረው በግንቦት 2013 ዓ.ም. ነው፣ ኤምፔሳ ደግሞ በነሐሴ 2015 ዓ.ም. ተከተለ፤ ባንኮችም የየራሳቸውን የስልክ አገልግሎት አምጥተዋል። መነጋገሪያው ዕቃ በጥቂት ዓመት ውስጥ የገንዘብ ሣጥን ሆነ። እኛ ሣጥኑን ለወላጆቻችን ሰጠን፣ ቁልፉ የቱ እንደሆነ ግን ቁጭ ብለን አላስረዳናቸውም። አብዛኛዎቻችን ያደረግነው ነገር ሂሳቡን በችኮላ ከፍተን፣ የምሥጢር ቁጥሩን ራሳችን መርጠን፣ በወረቀት ጽፈን ከስልኩ ሽፋን ሥር መወተፍ ነው።

በዕድራችን ጥንት ሞት የሚነገረው በጡሩምባ ነበር። ጡሩምባ ነፊው ማን እንደሆነ፣ ድምፁም እንዴት እንደሆነ ሰፈሩ በሙሉ ያውቃል። ሌላ ሰው መጥቶ ቢነፋ «ይህ ማነው?» ይባል ነበር። በስልክም እንደዚሁ «ይህ ማነው?» ማለትን እንልመድ ነው የምለው።

የማጭበርበሪያው መንገዶች

በእናቴ ላይ ከደረሰው ሌላ ከጎረቤቶቻችን የሰማሁትንና በመሥሪያ ቤቶች የተነገረኝን እንደሚከተለው በአጭሩ አቀርባለሁ።

1ኛ/ «ከቴሌ ነኝ፣ ከባንክ ነኝ፣ ከጡረታ ነኝ» የሚለው ነው። ስልክዎ ሊዘጋ ነው፣ ሂሳብዎ ታግዷል፣ ጡረታዎ ተጨምሯል ይላል። መጨረሻው ሁልጊዜ ቁጥር መጠየቅ ነው። ስምዎን መጥራቱ ማስረጃ አይሆንም። አንድ ሰው በስልክ ገንዘብ ሊልክ የእርስዎን ቁጥር ሲያስገባ የባለቤቱ ስም ይወጣለታል። ስም ማወቅ በዚህን ያህል ቀላል ነው።

2ኛ/ «ዕጣ ወጥቶልዎታል» የሚለው ነው። መኪና፣ ቴሌቪዥን ወይም ብር ደርሶዎታል፤ ነገር ግን ለማስፈጸሚያ ይህን ያህል ይላኩ ይላል። ያልቆረጡት ዕጣ አይወጣም። የወጣለትም ሰው ገንዘብ ሊቀበል ይሄዳል እንጂ ለማያውቀው ሰው ስልክ ገንዘብ አይልክም።

3ኛ/ «በስህተት ብር ልኬብዎታለሁ፣ እባክዎ ይመልሱልኝ» የሚለው ነው። ከዚያ በፊት የባንክ መልእክት የሚመስል ጽሑፍ ይልካል። አንዱ ወንድማችን ይህ ደርሶበት መልእክቱን ደህና አድርጎ ሲያየው የመጣው ከተራ በ09 ከሚጀምር ቁጥር ሆኖ አግኝቶታል። እንዲህ ዓይነት ነገር ሲገጥም መጀመሪያ ቀሪ ሂሳብን ማየት ነው። ብሩ በእርግጥ ገብቶ ከሆነም በራሳችን እጅ መመለስ አያስፈልግም፤ ለባንኩ ወይም ለድርጅቱ ነግሮ በእነርሱ በኩል እንዲመለስ ማድረግ ነው።

4ኛ/ «ልጅዎ አደጋ ደርሶበታል፣ ሐኪም ቤት ነው፣ አሁን ካልተከፈለ አይታከምም» የሚለው ነው። ይህ ከሁሉም የከፋው ነው፤ የእናት አንጀት ይዞ ስለሚጎትት። በዓረብ አገርና በአሜሪካ ልጅ ላላቸውም «ልጅሽ ሻንጣ ልካልሻለች፣ ጉምሩክ ስለያዘው ቀረጥ ክፈዪ» ይባላሉ። ዛሬ ደግሞ በኮምፒዩተር የሰውን ድምፅ አስመስሎ መሥራት ተችሏል። ስለዚህ «ድምፁ የልጄ ነው» ማለት ብቻውን አይበቃም።

5ኛ/ «ይህን ቁጥር ይጫኑ» የሚለው ነው። *21* ብለው ቀጥሎ የሆነ ስልክ ቁጥር አስገብተው # እንዲሉ ያደርጋል። ይህ ወደ እርስዎ የሚመጣውን ጥሪ ሁሉ ወደ ሌባው ስልክ የሚያዞር ትእዛዝ ነው። በዚያን ጊዜ ባንክ ደውሎ ቢጠይቅ የሚመልሰው ሌባው ይሆናል። እንዲህ የተደረገበት ሰው ##002# ብሎ ቢደውል የተዞረው ጥሪ ሁሉ ይሰረዛል።

6ኛ/ ከውጭ አገር ቁጥር አንዴ አቃጭሎ መዝጋት ነው። ሰውየው «ማን ይሆን?» ብሎ መልሶ ሲደውል ከፍተኛ ሂሳብ ይቆረጥበታል። የአገራችን መለያ 251 ነው። ከዚህ ሌላ በሆነ የማናውቀው መለያ የመጣ ጥሪ ካመለጠን መልሰን አንደውል። የምናውቀው ሰው ከሆነ ራሱ ደግሞ ይደውላል።

መንገዱ ነገ ሊለወጥ ይችላል። ምልክቱ ግን አይለወጥም። ያጣድፋል፤ ለማንም አትንገሩ ይላል፤ መጨረሻ ላይ ቁጥር ወይም ገንዘብ ይጠይቃል። እነዚህ ሦስቱ በአንድ ላይ ከመጡ የደወለው ሰው ማንም ይሁን ማን ስልኩን መዝጋት ነው።

በየቤታችን ልናደርገው የሚገባ

ሀ/ ለወላጆቻችን አንድ የሚናገሩት ቃል እናስተምራቸው። እናቴ አሁን የምትለው «ቆይ ልጄን ልጠይቀው» ነው፤ ከዚያ ትዘጋለች። ይህ ስድብ የለበትም፣ ጨዋነትም አያጎድልም። ደህና ሰው ከሆነ «ይጠይቁት» ይላል። ሌባ ከሆነ «አይ፣ አይሆንም፣ አሁኑኑ» ይላል። ወዲያው ይለያል።

ለ/ በደወለው ቁጥር ላይ መልሰን አንጠይቅ። ዘግተን እኛው ራሳችን በታወቀው ቁጥር እንደውል። ኢትዮ ቴሌኮም 994 ነው፤ ቴሌብር 127 ነው፤ የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ 951 ነው። ሌላ ባንክ ያላችሁ ቁጥሩን ከደብተራችሁ ላይ ወይም ከቅርንጫፉ ጠይቃችሁ ጻፉ። በትልቁ ጽፋችሁ ከግድግዳው ላይ፣ ከቀን መቁጠሪያው አጠገብ ለጥፉት።

ሐ/ የምሥጢር ቁጥርና በመልእክት የሚመጣ ማረጋገጫ ቁጥር ለማንም አይነገርም። የፋይዳ መታወቂያም በስልክ የሚመጣ ማረጋገጫ ቁጥር ስላለው እሱም እንዲሁ ነው። የምሥጢር ቁጥሩ ለቴሌ ሠራተኛ ቢሆን፣ ለባንክ ሥራ አስኪያጅ ቢሆን፣ ለዕድር ጸሐፊ ቢሆን አይነገርም። ለምሳሌ እናቴ የቤቷን ቁልፍ ለማታውቀው ሰው በመስኮት አትወረውርም። ይህ ቁጥር ቁልፍ ነው ብዬ ሳስረዳት ነው የገባት።

መ/ ልጆቻችንንም እናስተምር። በእኔ ቤት ቁጥሩን ያነበበው ሕፃኑ ነው። በየቤቱ ለአያቶች መልእክት የሚያነቡት ልጆች ናቸው። «ቁጥር ያለበት መልእክት ሲመጣ ለአያትህ በጆሮዋ ትነግራታለህ እንጂ ስልክ ላይ ላለ ሰው አታነብም» ብለን እንምከራቸው። ልጄ ነገሩ የእሱ ጥፋት መስሎት ብዙ ቀን አዝኖ ነበር። እሱንም ጥፋቱ የእኔ መሆኑን ነግሬዋለሁ።

ሠ/ ሩቅ ካሉ ልጆች ጋር መለያ ጥያቄ ይኑረን። «ልጅሽ ነኝ፣ ብር ላኪልኝ» የሚል ሲመጣ እናት «በልጅነትህ ምን ብዬ ነበር የምጠራህ?» ብላ ትጠይቅ። አቡሽና ማሙሽ ግን በየቤቱ ስላለ አይሠራም። ሌባውም ገምቶ ይመልሳል። ቤተሰብ ብቻ የሚያውቀው ይሁን፤ የድሮ ላም ስም ቢሆን፣ የአያት የጓሮ ዛፍ ቢሆን ይበቃል። እኅቴና እናቴ አንድ መርጠዋል። እኔ እንኳ አላውቀውም፤ እንደዚያም ነው የሚሻለው።

ረ/ ብዙ ገንዘብ በስልክ ላይ አይቀመጥ። ለወር አስቤዛ የሚበቃው ብቻ በስልኩ ይሁን። የቀረው ከስልክ ጋር ባልተያያዘ የቁጠባ ደብተር ይቀመጥ። እኛ ይህን ብናደርግ ኖሮ ሌባው የሚያገኘው ከጥቂት መቶ ብር አይበልጥም ነበር።

ሰ/ ወላጆቻችን ካርድ ሲሞሉ ወይም መብራትና ውኃ ሲከፍሉ ስልካቸውን ከነምሥጢር ቁጥሩ ለመንገደኛና ለባለሱቅ ልጅ አይስጡ። ባለሱቆቻችን ደህና ሰዎች ናቸው፤ ነገር ግን ሱቅ ብዙ ሰው የሚቆምበት ቦታ ነው። ከቤተሰብ አንድ የታመነ ሰው ይመረጥና ሥራውን እሱ ይሥራ፤ የሠራውንም ለሌላው የቤት ሰው ያሳውቅ። ይህ የምለው ለእርሱም ለራሱ ከሐሜት መዳኛ ስለሆነ ነው።

ሸ/ ስልካቸውን አንውሰድባቸው። ይህን ከራሴ ጥፋት ነው የምናገረው። ስልክ ለአንድ ብቻውን ለሚውል ሽማግሌ ደጁ ነው። ሌባ ይገባል ተብሎ የቤት በር በግንብ አይደፈንም፤ ቁልፉ ነው የሚጠነክረው።

ነገሩ ከደረሰ በኋላ

መጀመሪያ የሚባለው ቃል «አይዞሽ፣ አይዞዎት» ነው። «እንዴት ትታለያለሽ?» የሚለው ጥያቄ ለዚያን ጊዜ ምንም አይጠቅምም። ከዚያ ጊዜ ሳይባክን የሚከተለው ይደረግ፤

አንደኛ፣ በዚያችው ደቂቃ ወደ 127 ወይም ወደ ባንኩ ቁጥር ደውሎ ሂሳቡ እንዲታገድ መጠየቅ፤ የምሥጢር ቁጥሩንም ማስለወጥ። ሁለተኛ፣ ሌባው የደወለበትን ቁጥርና የላከውን መልእክት አለማጥፋት፤ ገንዘቡ የተላከበትን ሰዓት፣ መጠንና የግብይት ቁጥር በወረቀት መጻፍ። ሦስተኛ፣ ያን ወረቀት ይዞ በአቅራቢያው ወዳለው ፖሊስ ጣቢያ ሄዶ ማመልከት፤ የአዲስ አበባ ፖሊስ ስልክ 991 ነው። በ2008 ዓ.ም. የወጣው የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958 እንዲህ ዓይነቱን ማታለል ወንጀል አድርጎ ደንግጎታል። ስለዚህ «ይህ የሚያስከስስ አይደለም» ብለን አንተወው። አራተኛ፣ ለጎረቤት መንገር ነው። ያው ሌባ በማግሥቱ ለሚቀጥለው ቤት ይደውላልና።

ከዚህ ጋር አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። ከተሰረቀ በኋላ ሌላ ሰው ደውሎ «ገንዘብዎን አስመልስልዎታለሁ፣ ለማስፈጸሚያ ይህን ይክፈሉ» የሚል ይመጣል። ለእናቴም መጥቷል። ይህ ያው ሌባ ነው፣ ወይም የእርሱ ጓደኛ ነው።

ከዕድራችን የሚጠበቅ

ዕድር የቆመው ለቀብርና ለለቅሶ ብቻ ነው የሚል አለ። እኔ እንደሚመስለኝ ሰው ሳይሞትም ሐዘን አለ። እናቴ 11 ቀን ብቻዋን ለቅሶ ተቀምጣ ነበር፤ ድንኳን የተከለላት ግን አልነበረም። ስለዚህ በሥራ አመራር ኮሚቴው ተነጋግረን ሦስት ነገር ለአባላት አቅርበናል።

ሀ/ በየወሩ መዋጮ በሚሰበሰብበት እሑድ በዕድሩ ቤት አንድ ጠረጴዛ ይኖራል። ከወጣቶቻችን ሁለት የታመኑ ልጆች ይቀመጣሉ። አዛውንቶች ስልካቸውን ይዘው ቢመጡ የተዞረ ጥሪ መኖሩን ያዩላቸዋል፣ የታወቁትን ቁጥሮችም በስም መዝግበው ይሰጧቸዋል። የምሥጢር ቁጥር ግን አይጠይቁም፤ ቢጠይቁ በዚያው ለእኔ ንገሩኝ።

ለ/ ብቻቸውን ለሚኖሩ ወይም ልጆቻቸው ሩቅ ላሉ አባሎቻችን በአቅራቢያቸው አንድ ጎረቤት ይመደባል። አጠራጣሪ ስልክ ሲደወል «ቆይ ጎረቤቴን ልጠይቅ» የሚሉት ሰው እንዲኖራቸው ነው። ለዚህ ሥራ ፈቃደኛ የሆናችሁ ከስብሰባው በኋላ ስማችሁን አስመዝግቡ።

ሐ/ ዕድሩ ለማንም አባል ደውሎ የሐዘን መዋጮ በስልክ ላኩ አይልም። መዋጮ የሚከፈለው በዕድሩ ቤት በደረሰኝ፣ ወይም በዚህ ሰሌዳ ላይ በተለጠፈው የዕድሩ ሂሳብ ብቻ ነው። «የዕድሩ ጸሐፊ ነኝ፣ እገሌ አርፏልና ቶሎ ብር ላኩ» የሚል ቢደውል እኔ አይደለሁም። ድምፄን ቢያስመስልም አይደለሁም። ቤቴን ታውቁታላችሁ፤ መጥታችሁ ጠይቁኝ።

የተከበራችሁ አባላት፣

የእናቴ ዓይን ከተባለው ጊዜ 9 ወር ዘግይቶ በነሐሴ 2017 ዓ.ም. ተገፍፏል። እኅቴ ሌላ ትርፍ ሥራ ይዛ ነው ገንዘቡን እንደገና ያጠራቀመችው። እግዚአብሔር ይመስገን፣ አሁን ታያለች። መልእክት ሲመጣላት ራሷ በመነጽር ታነባለች። አንድ ቀን ሱቄ ድረስ በእግሯ መጥታ ስልኩን ሰጠችኝና «ይኸው ዛሬም ደወለ፤ ልጄን ልጠይቀው ብዬ ዘጋሁበት» አለችኝ። እኔም «ጎበዝ እማዬ» አልኋት። ያን ቃል በ2016 ዓ.ም. በፋሲካ ሰሞን ብናገረው ኖሮ ምንኛ በተሻለ ነበር።

ዛሬ ማታ ቤታችሁ ስትገቡ ከአባታችሁ ወይም ከእናታችሁ አጠገብ ቁጭ ብላችሁ አንድ ነገር ብቻ ንገሯቸው። «ምንም ነገር ቢፈጠር፣ ገንዘቡ ሁሉ ቢጠፋ እንኳን፣ አልቆጣም፤ ብቻ ወዲያው ንገሪኝ፣ ንገረኝ» በሏቸው። ብላችሁም ቃላችሁን ጠብቁ።

አሁን ወደ ዕቃ ቆጠራው እንሂድ።

ማሳሰቢያ፦ ይህ ንግግር በስብሰባው ላይ ላልተገኙ አባላት እንዲደርስ በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ተለጥፏል። ማንበብ የምትችሉ ማንበብ ለማይችሉት ጮክ ብላችሁ እንድታነቡላቸው በትሕትና እንጠይቃለን።